ለ60 ሰው የሶኖራ ሆት ዶግ፦ ዳቦውና ቦሎቄው ላይ በርቺ

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ልጅሽን ለዚህ ያበቃልሽ አምላክ ይመስገን። ጥያቄሽን ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ለምረቃው ወደ 60 ሰው ጠርተሻል፣ ልጅሽ «እንደ ሜክሲኮዎቹ ብዙ ነገር የተጫነበት ሆት ዶግ ይሁንልኝ» ብሏል፣ ከእንግዶቹ ብዙዎቹ ደግሞ አሳማ አይበሉም፣ ጿሚም አለ። እኔ የምኖረው ቱሳን፣ አሪዞና ነው። ይሄ ምግብ እዚህ በየመንገዱ ያለ ነው፤ ለልደትም ለማኅበርም ስሠራው ኖሬያለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ፣ ትንሽ ስለሚረዝም ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ልጅሽ ያለው የሶኖራውን ሳይሆን አይቀርም። ሶኖራ ከአሪዞና ጋር የምትዋሰን የሜክሲኮ ግዛት ናት፣ ዋና ከተማዋ ኤርሞሲዮ ትባላለች። ሆት ዶጉ እዚያ በጋሪ ሲሸጥ ኖሮ ድንበር ተሻግሮ ቱሳንና ፊኒክስ ገባ። ኤል ጉዌሮ ካኔሎ የሚባለው የቱሳን ቤት ከመንገድ ዳር ትንሽ መሸጫ ተነስቶ በ2018 ጄምስ ቢርድ የሚባለውን ታዋቂ የአሜሪካ የምግብ ሽልማት እስከማግኘት ደርሷል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ቋሊማው በቤከን (በስሱ በተቆረጠ ጨዋማ የአሳማ ሥጋ) ይጠቀለልና ይጠበሳል፣ ለስላሳ ዳቦ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ቦሎቄ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ማዮኔዝ፣ ሰናፍጭና ሃላፔኞ ከሚባለው የሜክሲኮ ቃሪያ የተሠራ ሳልሳ (ማባያ) ይደረግበታል። ከጎኑ የተጠበሰ ቢጫ ቃሪያ ይቀርባል። ሎስ አንጀለስ ስታዲየም በር ላይ የሚሸጠውም በቤከን የተጠቀለለ ነው፤ እሱ ግን ቦሎቄ የለውም፣ የተጠበሰ ሽንኩርትና ቃሪያ ነው የሚበዛበት።

አሁን ዋናው ነገር። ሰው ሲበዛ ብዙዎቻችን የምንጨነቀው ከላይ ስለሚደረገው ነው። አይብ፣ በቆሎ፣ ቺፕስ፣ አምስት ዓይነት ሳልሳ። እኔ የምልሽ ግን ያንን ቀንሺና ጉልበትሽን ዳቦውና ቦሎቄው ላይ አውይው። ዳቦው ከተቀደደ ወይ ከደረቀ፣ ቦሎቄው ውሃ ከሆነ፣ የተቀረው ቢጣፍጥም እንግዳው ልብስ ላይ ነው የሚያልቀው።

ዳቦውን ከሱፐርማርኬት የሆት ዶግ ዳቦ አትግዢ፤ ስስ ነው፣ ይሄን ሁሉ አይችልም። በአቅራቢያሽ የሜክሲኮ ዳቦ ቤት ካለ ሂጂና ቦሊዮ የሚባለውን ሞላላ ዳቦ ጠይቂ። ትንንሹንና ለስላሳውን ምረጪ፤ ቅርፊቱ ደረቅ ከሆነ ሰው ሲነክሰው ውስጡ ያለው በሌላ በኩል ይወጣል። 80 ዳቦ ስለሆነ (ለምን 80 እንዳልኩ መጨረሻው ላይ እነግርሻለሁ) ከሦስትና ከአራት ቀን በፊት እዘዢ፣ የምትወስጂውም በዕለቱ ጠዋት ይሁን። ስትሰነጥቂው ከላይ በኩል ነው፣ ሁለቱን ጫፎች ሳትነኪ፣ እንደ ኪስ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ሙሉ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ጫፉ ስላልተከፈተ ቦሎቄውም ማዮኔዙም የትም አይሄድም። ከዚያ አስር አስሩን በፎይል ጠቅልለሽ 300 ፋራናይት ኦቨን ውስጥ 10 ወይ 15 ደቂቃ አሙቂውና ንጹህ ፎጣ የተነጠፈበት ኩለር ውስጥ ክተቺው። ኩለር ለበረዶ ብቻ አይደለም፣ ሙቀትም ይይዛል። ዳቦው ሞቅ እንዳለና እንደለሰለሰ ይቆይልሻል።

ቦሎቄው ፒንቶ የሚባለው ነው። የቆርቆሮውን መግዛት ትችያለሽ፣ ግን ተፈጭቶ የተጠበሰው የቆርቆሮ ቦሎቄ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ አለበት፣ ጀርባውን ሳታነቢ እንዳትገዢ። እኔ ደረቁን ገዝቶ መቀቀሉን ነው የምመክርሽ፤ ርካሽም ነው፣ ምን እንደገባበትም ታውቂያለሽ። 2 ፓውንድ ደረቅ ቦሎቄ ሲበስል 12 ኩባያ ያህል ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብታደርጊ ለ80 ይበቃል። ማታ ዘፍዝፊው። ጠዋት ከግማሽ ሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር ፍሬው በጣት ሲጫን እስኪፈርስ ቀቅዪው። ከዚያ ሰፊ መጥበሻ ላይ ዘይት አግለሽ፣ ደቀቅ ያለ ሽንኩርትና ትንሽ ከሙን አቁላይና ቦሎቄውን ከጥቂት ውሃው ጋር ጨምሪ። ሲሶ የሚሆነውን ጨፍልቂው፣ የቀረውን ተይው። ፍሬው ይታያል፣ መረቁ ግን ወፍሮ ያያይዘዋል። በማንኪያ ዘግነሽ ስታዘነብዪው የሚንጠባጠብ ከሆነ ገና ነው፣ እሳት ላይ ይቆይ። ቀስ ብሎ በአንድ ላይ ሲወርድ ደርሷል። ሲቆይ ደግሞ የበለጠ ስለሚወፍር መጨረሻ ላይ ትንሽ የተቀቀለበትን ውሃ አስቀሪ።

ስለ ቤከኑ። የአሳማው ቤከን ለሚበሉት አለ፣ ግን እንደነገርሽን ዓይነት እንግዳ ካለሽ ጭራሽ ቤት ባታስገቢው ነው ደስ የሚለኝ። አንድ ኦቨን፣ አንድ መቆንጠጫ፣ አንድ ትሪ ይዞ ይሄ የዚህ ነው ያ የዚያ ነው እያሉ መቆጣጠር ያደክማል፣ የማይበላውም ሰው ልቡ አያርፍም። የበሬ ቤከን ፈልጊ። ሐላል ሥጋ ቤቶች ጋ አይጠፋም፤ ሙስሊም ጎረቤቶችሽም ያለ ሐሳብ እንዲበሉ ቋሊማውንም ከዚያው ግዢ። ካጣሽ የተርኪ ቤከን ይሆናል፣ ግን ስቡ ትንሽ ስለሆነ ይደርቃል፣ ቶሎም አይያያዝም፤ ከጠቀለልሽው በኋላ ዘይት ቀቢው። ቋሊማውንም ስትገዢ ሙሉ የበሬ የሚለውን ያዢና ማሸጊያውን አንብቢ። ቆዳው ከሌላ እንስሳ ከሆነ እዚያው ላይ ይጻፋል።

አጠቃለሉ ደግሞ እንዲህ ነው። ወፍራሙን ሳይሆን መካከለኛውን ቤከን ግዢ። ቋሊማውን በወረቀት አድርቂው፣ እርጥብ ከሆነ ይንሸራተታል። ከአንዱ ጫፍ ጀምረሽ ጠርዝ በጠርዝ ትንሽ እየደረብሽ አዙሪው፣ መጨረሻው ላይ በስቴኪኒ ያዢው። ይሄን ሁሉ ዋዜማውን ማታ ጨርሰሽ ፍሪጅ ውስጥ ደርድሪው። በዕለቱ ስቴኪኒውን ማውጣት እንዳይረሳ አንድ ሰው መድቢ፣ ልጆች አሉና።

ለ80 ሆት ዶግ መጥበሻ ላይ አትቁሚ፣ ኦቨን ተጠቀሚ። 400 ፋራናይት፣ ሽቦ ያለው ትሪ ላይ፣ የቤከኑ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። ተርኪ ከሆነ ከ15 ደቂቃ ጀምረሽ እዪው። ትሪ ላይ 20 ያህል ይገባል፣ ሁለት ትሪ በአንዴ ብታስገቢ በሁለት ዙር አለቀ። ግሪል ያለው ዘመድ ካለሽ መጨረሻ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ እሳት ያስነካልሽ፣ የጭሱ ሽታ ሌላ ነገር ነው። ሽንኩርቱንም እዚያው ይጥበስልሽ። ብቻ አደራ፣ ሰፊ ነው ብለሽ የእንጀራ ምጣድሽን ለዚህ እንዳታወጪው፤ ስብ የጠጣ ምጣድ ለእንጀራ ያስቸግርሻል።

ጾሙን በተመለከተ ቀኑን ቆጥረሽ አረጋግጪ። በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ከዋለ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፣ ምንም ሐሳብ የለሽም። ከጰራቅሊጦስ በኋላ ከሆነ ግን የሰኔ ጾም ገብቷልና የጾሙን ለብቻ አዘጋጂ። ከአትክልት የተሠራ ቋሊማ አለ፤ አንዳንዱ የእንቁላል ነጭ ስለሚገባበት እሱንም አንብቢ። ማዮኔዝም እንቁላል ነው፣ በሱ ፋንታ ቀጥዬ የምነግርሽን የአቮካዶ ሳልሳ አብዢላቸው። ዳቦ ቤቱንም ወተት፣ ቅቤ ወይ የአሳማ ስብ ይገባበት እንደሆነ ጠይቂ፤ ይሄ ለጿሚው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ነው የሚጠቅምሽ። ቦሎቄው በዘይት ስለሆነ ከመጀመሪያውም ጾም ነው። እንደውም ጿሚው ሳህን ላይ ከሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው።

የአቮካዶው ሳልሳ ቀላል ነው። 10 ወይ 12 የበሰለ አቮካዶ፣ አንድ እስር የድንብላል ቅጠል፣ ሦስት አራት ሃላፔኞ፣ የስድስት ሎሚ ጭማቂ፣ ጨው፣ ከጠርሙስ በሚወርድ ልክ ውሃ። ፍጪው። ለልጆቹ ሃላፔኞ የሌለበት ትንሽ ለይ። ሎሚው እንዳይጠቁር ይረዳዋል፣ ግን የዕለቱን ለዕለቱ ሥሪው። ቲማቲሙን 5 ፓውንድ ያህል ግዢ፣ ፍሬውንና ውሃውን አውጥተሽ ክተፊ፣ ጨው ነስንሰሽ ወንፊት ላይ ተዪው። ውሃው ይውረድ፣ አለበለዚያ ዳቦውን የሚያረጥበው እሱ ነው። ሽንኩርት 2 ፓውንድ ጥሬ፣ 5 ፓውንድ ለመጥበስ፤ የሚጠበሰው በጣም ስለሚቀንስ ብዙ መስሎሽ አትፍሪ። ማዮኔዝ አንዱ ትልቁ ጠርሙስ ይበቃል። ሰናፍጭ ስልሽ ቢጫውን የአሜሪካ ማለቴ ነው፣ የእኛው አፍንጫ የሚበሳው እዚህ ሁሉን ነገር ይሸፍነዋል።

ከእኔ በፊት የመለሰችልሽ አንዷ እህታችን «አዋዜ ጨምሪበት» ብላሻለች። አዋዜ እወዳለሁ፣ ግን ከጎን በሳህን ይቅረብ እንጂ ውስጡ አይግባ። ይሄ ምግብ ደስ የሚለው የቤከኑን ጨውና ስብ ቲማቲሙና ሎሚው ሲያቀልሉት ነው። በርበሬ ከገባ ያ ጠፍቶ ሌላ ምግብ ይሆናል። ቢጫውን ቃሪያ ግን አትተዪ፤ በዘይት እስኪቃጠል ጥብስ አድርገሽ ጨውና ሎሚ አድርጊበት፣ የእኛ ሰው እሱን ነው ደግሞ የሚጠይቅሽ።

አቀራረቡ ላይ፣ ሁሉን ነገር ለእንግዳ አትልቀቂ። ሁለት ሰው ጠረጴዛው ጀርባ ይቁም። አንዱ ዳቦውን ከፍቶ ማዮኔዝ ቀብቶ ቋሊማውን ያስገባል፣ ሁለተኛው ቦሎቄውን ከጎንና ከጎን ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ያለውን እንግዳው እንደ ወደደ ያድርግ። እንዲህ ሲሆን ሰልፉ ይሄዳል፣ ቦሎቄም ለመጨረሻው ሰው ይተርፋል። ማዮኔዙና ሳልሳው በሚጨመቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሁን። ሶፍት አብዢ።

ቁጥሩን 80 ያልኩሽ እንጀራና ወጥም ይኖራል ብዬ ነው። እሱ ብቻ ከሆነ 100 አድርጊው፣ ጎረምሳ ከሁለት በታች አይበላም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ቋሊማው ብዙ ጊዜ በ8 በ8 ስለሚታሸግ ለ80 አስር ጥቅል፤ ዳቦውን ግን ከዳቦ ቤቱ በቁጥር እዘዢ። ባለ አንድ ፓውንዱ መካከለኛ ቤከን 16 ያህል ቁራጭ አለው፣ ስለዚህ 5 ጥቅል፤ ስለሚቀደድ አንድ ጨምሪ።

የመጨረሻው ስለ ሙቀት ነው፣ በተለይ ግቢ ውስጥ ከሆነ። ቋሊማው ውስጡ 165 ፋራናይት ይድረስ፣ ከዚያ ቦሎቄውም እሱም ከ140 በላይ ሆነው ይቆዩ፤ ከሥሩ እሳት ያለው ትሪ ተከራዪ ወይ ተዋሺ። ማዮኔዝ፣ ቲማቲምና አቮካዶው በረዶ ላይ ይቀመጡ። ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ አይበላም፤ የአየሩ ሙቀት ከ90 ፋራናይት ካለፈ ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉን በአንዴ አታውጪ፣ ግማሹ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ እየተተካ ይቅረብ። የትኛው ከተማ እንደሆንሽ ብትጽፊልን ቦሊዮና የበሬ ቤከን የት እንደሚገኝ እዚያ ያሉት ይነግሩሻል።