ስሙ ተቀየረ፣ ማስጠንቀቂያው ግን አልጠፋም

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ሥርዓት ላይ፣ «ሆስትኔምሲቲኤል» በተባለው ትእዛዝ የኮምፒውተሬን ስም ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ «ሱዶ» (ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽመውን) ባልኩ ቁጥር አዲሱን ስም ማግኘት አልቻልኩም ይለኛል፤ አንዳንዴም ያስጠብቀኛል። ምን አበላሸሁ?

መልስ፦ ያበላሹት የለም፤ ሥራው ግማሽ ላይ ቀርቶ ነው። ትእዛዙ «/ኢቲሲ/ሆስትኔም» የተባለውን ፋይል ይለውጣል፤ ስምን ከአድራሻ የሚያገናኘውን «/ኢቲሲ/ሆስትስ» ግን አይነካም። እዚያ ያለው አሮጌው ስም ስለሆነ ሱዶ አዲሱን ፈልጎ ያጣዋል። የሚዘገየውም ዲኤንኤስን (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን የኔትወርክ አገልግሎት) ጠይቆ መልስ ሲጠብቅ ነው።

የ«ሆስትስ» ፋይሉን ቅጂ አስቀምጠው ናኖ በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ፣ በ«ሱዶ ናኖ» ይክፈቱት። በ127.0.1.1 የሚጀምረው መስመር ላይ አሮጌውን ስም በአዲሱ ይተኩ፤ መስመሩ ከሌለ ይጨምሩት። 127.0.0.1 ሎካልሆስት (ማሽኑ ራሱን የሚጠራበት) የሚለውን ግን አደራ እንዳይነኩ፤ ብዙ ፕሮግራም እሱን ተማምኖ ነው የሚሠራው። ለማስቀመጥ ኮንትሮልና ኦ፣ ኢንተር፣ ከዚያ ለመውጣት ኮንትሮልና ኤክስ ይጫኑ። ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሳት አያስፈልግም። «ጌትኤንት ሆስትስ» ብለው አዲሱን ስም ሲያስከትሉ 127.0.1.1 ከመጣ ተስተካክሏል።

በስሙ ውስጥ የላቲን ፊደል፣ አኃዝና ሰረዝ ብቻ ይግባ፤ አንደርስኮር በኋላ ጣጣ ያመጣል። ማሽኑ የክላውድ ሰርቨር ከሆነና ዳግም ሲነሳ አሮጌው ስም ከተመለሰ፣ ክላውድ-ኢኒትን (ሰርቨሩ ሲነሳ ቅንብሩን የሚያዘጋጀውን ፕሮግራም) ይጠርጥሩ።