የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ የት ገቡ?

እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ትዕግስቴ ስላለቀ ነው። እዚህ መሥሪያ ቤት 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ስገባ በክፍላችን 22 ሰዎች ነበርን። ባለፈው ሳምንት ቁጭ ብዬ ብቆጥር ከነዚያ የቀረነው ሦስት ነን። አንዳንዱ ጡረታ ወጣ፣ አንዳንዱ የተሻለ አገኘ፣ አንዳንዱ ታመመ መሰለኝ። መሰለኝ የምለው ማንም ምንም ስለማይነግረን ነው! አዲስ ሰው ሲቀጠር አለቃው ራሱ በየቢሮው እያዞረ ያስተዋውቀዋል። የሚሄደውን ግን የምናውቀው የላክንለት ኢሜይል ተመልሶ ሲመጣ ነው፣ አለዚያም ከቴሌግራም ግሩፑ ስሙ ሲጠፋ።

የመዝገብ ቤቱን ሰውዬ ልንገርዎ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ጠዋት ጠዋት በጠረጴዛዬ በኩል ሲያልፉ በጣታቸው ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋሉ፤ ቀና ስል አልፈው ሄደዋል። ሰላምታቸው እሱ ነው። ብዙም አናወራም። ግን ፋይል ጠፋ ከተባለ ሁሉም የሚሮጠው ወደሳቸው ነበር፤ እሳቸውም ኮምፒውተሩን ሳይነኩ "ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች" ይላሉ፣ እውነትም እዚያው ይገኛል። አንድ ቀን አዲስ የተቀጠረ ልጅ ፋይል አጥቶ ሲንከራተት "ጋሼን ጠይቃቸው" አልኩት። "ጋሼ ማን?" አለኝ። ወርጄ ሳይ ክፍሉ ተቆልፏል። ያ ኳኳታ መቼ እንደቀረ ባስብ ባስብ አልመጣልህ አለኝ። (በዚያ ሰሞን ሁለት ጊዜ ደውለውልኝ ነበር፤ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ ከዚያ ሥራ በዛና ረሳሁት።) የሰው ኃይል ክፍሉን ስጠይቅ "ለቀዋል" አሉኝ። በቃ። የዚያን ሁሉ ዓመት ሠራተኛ በአንድ ቃል!

ሰው ሲለቅ በይፋ ይነገረን ብዬ ለአስተዳደሩ ልጽፍ አስቤያለሁ። ባለቤቴ "ምን አገባህ፣ ሥራህን ሥራ" ትለኛለች። እርስዎስ ምን ይላሉ? ስልካቸው እኔ ጋ አለ። ስምንት ወር ሆነ፣ ቁጥሩን እያወጣሁ አየዋለሁ፣ መልሼ እተወዋለሁ። ሌላ ሰው ቢያነሳውስ?

ኳኳታው የናፈቀኝ ነኝ

መልስ

ወንድሜ፣ ለአስተዳደሩ መጻፍ ከፈለግክ ጻፍ፣ አልከለክልህም። ግን ቢነገርህም የሚደርስህ "በቀጣይ ሕይወትዎ መልካሙን ሁሉ እንመኛለን" የምትል ሁለት መስመር ናት። እሷንም ስብሰባ ላይ ሆነህ ታልፋት ነበር።

እኔን የያዘችኝ በቅንፍ ያስገባሃት ናት። ሁለት ጊዜ ደውለው ነበር! አንድ ጊዜ ቢሆን በስህተት ተነክቶ ነው ይባላል። ሁለት ጊዜ የደወለ ሰው የሚለው ነገር አለው። ደግሞ ከነገርከኝ እንደገባኝ ሰውየው ደዋይ አይደሉም፣ ሰላምታቸውን እንኳን በጣታቸው ነው የሚሰጡት። እንዲህ ያለ ሰው ስልክ ሲያነሳ ምን ያህል አስቦ እንደሆነ ገምት እስቲ። ስለዚህ "ማንም ምንም አይነግረንም" አትበለኝ። ለአንተ ሊነግሩህ ደውለዋል፣ አላነሳህም። እያሳቀቅኩህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ገጹን ሙሉ መሥሪያ ቤቱን ስትከስ ቆይተህ የራስህን በቅንፍ ስታሳልፋት ዝም ልልህ አልቻልኩም።

ስታንሊ ሚልግራም የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጽሑፍ በየቀኑ ስለምናያቸው ግን ስለማናናግራቸው ሰዎች ጽፏል። ተማሪዎቹ ባቡር ጣቢያ ላይ ቆመው የሚጠብቁ ተሳፋሪዎችን ፎቶ አንስተው፣ ፎቶውን መልሰው ለተሳፋሪዎቹ ቢያሳዩአቸው፣ አብዛኞቹ ቃል ተለዋውጠውት የማያውቁትን ሰው መልክ ለዩ። ከክፍልህ ሃያ ሁለት ሰዎች ብዙዎቹ ለአንተ እንደዚያ ነበሩ፤ አትጨነቅባቸው። ሁሉንም መሸኘት አይቻልም፣ አይጠበቅብህምም። ጋሼ ግን ከነሱ ወገን አይደሉም። ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ መሀል የአንተን ቁጥር ነው የፈለጉት።

አሁን ወደ መጨረሻዋ ጥያቄህ። ዙሪያውን ስትዞር የቆየኸው እሷን ፈርተህ ነው፣ አይደል? እኔም አንዲት የሥራ ባልደረባዬን ቁጥር ይዤ ዓመት ከርሜያለሁ። በመጨረሻ ስደውል ልጇ አነሳች። እናቷ አልፋለች። አፍሬ ልዘጋው ስል "ከሥራ ቦታ ነሽ? ቆይ አትዝጊው" አለችኝ። እናቷ ቢሮ ውስጥ ምን ትመስል እንደነበር አታውቅም ነበር። ስትስቅ ድምጿ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማ እንደነበር ስነግራት "የእኔ እናት?" አለች። ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበረች አሉ። አንድ ሰዓት ያህል አወራን።

የጋሼም ቤተሰብ ሦስተኛውን መደርደሪያ አያውቁትም። ኳኳታውንም ምናልባት አያውቁትም። ሌላ ሰው ካነሳው የምትለው ነገር አለህ፣ ለእኔ የጻፍክልኝን እሱን ንገራቸው።

ግን እኔ እንጃ፣ ራሳቸው የሚያነሱት ይመስለኛል። ዛሬ ማታ ደውል። ካላነሱ ነገም ደውል፣ እሳቸው ሁለት ጊዜ ሞክረዋል። ካነሱ ደግሞ እባክህ ስብሰባ ላይ ነበርኩ እንዳትል።