የአውሬው በሽታ ከመንደር ነው የሚነሳው

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምኖረው። በእንስሳት ጤና ደረጃ 4 ጨርሻለሁ። ሰሜን ተራሮች ላይ የዱር እንስሳት ጤና ቴክኒሻን ሆኜ ብሠራ ደስ ይለኛል። እናቴ ግን «ከአውሬ ጋር ምን አለሽ?» ትለኛለች። ሥራው በትክክል ምንድን ነው? ዋልያ ማከም ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ዋልያ አታክሚም። እኔ ሥራውን ዓመታት ሠርቼበታለሁ፤ በሕይወት ያለ ዋልያ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ሥራው ማየት፣ መመዝገብ እና ቶሎ መናገር ነው። ጨነቅ ካምፕ አድረሽ በማለዳ ብርዱ ጣትሽን እያደነዘዘው ባይኖኩላርና ደብተር ይዘሽ ትወጫለሽ። የትኛው ያነክሳል፣ የትኛው ፀጉሩ ረግፏል፣ የትኛው ከመንጋው ወደኋላ ቀርቷል? ጤነኛውን ደጋግመሽ ካላየሽ የታመመውን አትለዪውም።

ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ልንገርሽ። ሣር ሲነጩ ቁጭ ብለሽ ስታያቸው አንዷ ጎኗ ላይ ብርቱካን የሚያህል እብጠት ተንጠልጥሎባት ታያለሽ። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው፣ ውስጡ የትል እጭ አለ። ትሉ እኛ የምናውቀው የኮሶ ትል ዘመድ ነው። ያደገው ትል የሚኖረው ውሻና ቀበሮ አንጀት ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድራቸው ጋር ሣሩ ላይ ይወድቃል፣ ጭላዳዋ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሣር ነው የምትበላው። እብጠቱን አትነኪውም። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ጾታዋን፣ ልጅ አዝላ እንደሆነ ትጽፊያለሽ።

ስለዚህ ግማሹ ሥራሽ መንደር ውስጥ ነው። ቀይ ቀበሮን ውሰጂ። በዓለም ላይ ያለው እኛ አገር ብቻ ነው፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ደግሞ 500 አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙ ጨረሰ፤ ያመጣው የመንደር ውሻ ነው። እና ቀበሮውን ማዳን ከፈለግሽ መጀመሪያ የገበሬውን ውሻ ታስከትቢያለሽ።

እረኞቹን ጠጋ ብለሽ አዋሪያቸው፣ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ፎርም አውጥተሽ በጥያቄ አታጣድፊያቸው። «አያ፣ ፍየሎቹ እንዴት ከረሙ?» ብለሽ ዝም በይ። «አፍንጫዋ ይፈሳል፣ አፏ ቆስሏል፣ ያስቀምጣታል» ካሉሽ ደስታ መሰል በሽታን፣ ማለትም የፍየልና የበጉን ተላላፊ በሽታ፣ ጠርጥሪና ያኔውኑ ስልክ ደውይ፤ ፍየሎቹ የሚግጡበት ገደል ጫፍ ዋልያም ይደርሳልና።

አንድ ነገር እስካሁን ይቆጨኛል። ሞቶ ከተገኘ እንስሳ ናሙና ወስጄ ወደ ጎንደር ስወርድ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸ። እኔ ደግሞ በረዶውን ለአንድ ቀን ብቻ ነበር የያዝኩት። ስደርስ ናሙናው ሸትቷል። ያንን እንስሳ ምን እንደገደለው ዛሬም አላወቅንም። አንቺ ሁልጊዜ ለሁለት ቀን የሚበቃ በረዶ ያዢ። ሥራ ሳትጀምሪም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት እንዲሰጥሽ ቀጣሪሽን ጠይቂ፣ አትፈሪ።

እናትሽ የደስታ በሽታን ወሬ ከአያቶቻቸው ሳይሰሙ አይቀሩም፣ በክፉ ቀን የአገሩን በሬ የጨረሰው እሱ ነው። ጎሹንም አልማረም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ላይ መጥፋቱ ታወጀ። አፋር ውስጥ ክትባቱን በእግራቸው ይዘው የዞሩት ከራሱ ከማኅበረሰቡ የተመረጡ፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች ነበሩ፣ ከአንቺ በጣም ያነሰ የተማሩ። ይህን ለእናትሽ ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ ከደባርቅ ነኝ። ልጆቻችን ከብት ሲጠብቁ የሞተ ቀበሮ ወይም ሚዳቋ ያገኛሉ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ አይንኩት፣ ቆዳውንም አይግፈፉ፣ ውሻም አያስጠጉ። ቦታውን አይተው ለፓርኩ ስካውት ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ የእንስሳት ክሊኒክ ይናገሩ። ቁስል ሳይኖረው ከአፍና ከአፍንጫው ደም ከፈሰሰ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ሥጋው ከተከፈተ ተሕዋሱ አፈሩ ውስጥ ገብቶ አሥርት ዓመታት ይቆያል፣ የነገ ከብታችሁም እዚያው ይግጣል። ልጅ በውሻ ወይም በቀበሮ ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ሰዓት ይዛችሁ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ጭረት ቢሆንም እንኳ ነገ እንሄዳለን ብላችሁ አትደሩ።