የሱቅ እንቁላል ቀለሙ ለምን ይለያያል?

እህቴ፣ ከሱቅ የገዛሽው 30 እንቁላል የሚይዝ ካርቶን ውስጥ ቡኒውም ነጩም ክሬሙም ተደባልቆ ስላገኘሽው «ቀለም ቀብተውት ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። አልቀቡትም። እዚህ አዳማ እንቁላል ጣይ ዶሮ ስለማረባ የማውቀውን ልንገርሽ።

ዋናው የዶሮዋ ዝርያ ነው። ነጭ ሌግሆርን ነጭ ትጥላለች። ቦቫንስ ብራውንና ሎማን ብራውን ቡኒ ይጥላሉ። የሐበሻ ዶሮ አንድ ወጥ ዝርያ ስላልሆነች ከነጭ እስከ ፈዘዝ ያለ ቡኒ ልትጥል ትችላለች። ባለሱቁ ደግሞ ከቢሾፍቱ በመኪና የመጣለትንም፣ ከሞጆ የመጣውንም፣ የሰፈር ሰው በዘንቢል ያመጣለትንም አንድ ላይ ነው የሚደረድረው።

ቅርፊቱ እስኪሠራ እንቁላሉ ዶሮዋ ሆድ ውስጥ 20 ሰዓት ገደማ ይቆያል። መጀመሪያ ሁሉም ነጭ ነው። ቡኒው በአብዛኛው የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ነው፣ ያውም ላይ ላዩን። ሰብረሽ ውስጡን እዪው፣ ነጭ ነው። «በኮምጣጤ ሳሸው ለቀቀ፣ በቃ ቀለም ነው» የሚሉ አሉ። ኮምጣጤ የቅርፊቱን የላይኛውን ክፍል ስለሚያሟሟው ነው እንጂ፣ ገና ትኩስ እያለ ከጎጆው ያነሳሁት እንቁላልም በኮምጣጤ ሲታሽ ይለቃል።

አንድ ዝርያ ብቻ ባለበት ቤትም ቀለሙ እኩል አይሆንም። ቄቦቹ መጣል ሲጀምሩ እንቁላሉ ትንሽና ጠቆር ያለ ነው፤ ዶሮዋ እያረጀች ስትሄድ እንቁላሉ ይተልቃል፣ ያው ቀለም ሰፊ ቅርፊት ላይ ስለሚዳረስ ይፈዛል። ውሻ ገብቶ ካስደነገጣቸው አንዳንዷ እንቁላሏን ይዛ ትቆይና ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ትጥላለች። የሁሉም በአንዴ ከነጣ ግን በሽታ ገብቶ ይሆናል ብዬ የእንስሳት ሐኪም እጠራለሁ።

ለምግብነት ቡኒው ከነጩ አይበልጥም፣ እዚህ ላይ ማንም እንዳያታልልሽ። ልዩነት የሚያመጣው መኖው ነው። የአስኳሉም ቀለም ከምትበላው ነው የሚመጣው፤ ቢጫ በቆሎ፣ አልፋልፋና ቅጠላ ቅጠል ያገኘች ዶሮ አስኳሏ ደመቅ ይላል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አስኳሉ የሚደምቀው ግቢ ውስጥ ሣር እየነጨች ስለምትውል ነው። እኔ በበኩሌ ለጣዕሙ ስል ጨምሬ እገዛዋለሁ፣ ለቅርፊት ቀለም ግን አምስት ሳንቲም አልጨምርም። ትንሽ ስለሆነ ብቻም የሐበሻ ነው ብለሽ እንዳትከፍዪ፣ የፈረንጅ ቄብም ስትጀምር ትንሽ ነው የምትጥለው።

ስትገዢ ከቀለሙ ይልቅ መቼ እንደመጣ ጠይቂ፣ በተለይ በአዳማ ሙቀት ፀሐይ ላይ የዋለውን ተዪው። ቤት ስትገቢ ውሃ ውስጥ ጨምሪው። ተኝቶ ከሰመጠ ትኩስ ነው፣ ከተንሳፈፈ ቆይቷልና አትብዪው።