ጥቃትን ከመቁጠር በፊት፦ በሰብዓዊ ቀውስ ውስጥ ምርምር ለማድረግ ለምታስቡ ወጣቶች

በጦርነት፣ በድርቅና በመፈናቀል መካከል በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ የሚደርሰውን ጾታዊ ጥቃት የምርምር ሙያችሁ ለማድረግ ያሰባችሁ ወጣቶች ወደ ቢሮዬ ስትመጡ፣ የምታቀርቡልኝ የመመረቂያ ጽሑፍ ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ በአንድ መጠለያ ጣቢያ ካሉት ሴቶች ከመቶው ስንቱ እንደተደፈሩ ቆጥሮ ማውጣት። ሐሳቡ ከቅንነት እንደሚመነጭ አልጠራጠርም፤ ቁጥር ለጆርናል አዘጋጅም ለገንዘብ ሰጪም እንደሚጥም አውቃለሁ። ሆኖም አስቀድሜ የምጠይቃችሁ፣ ቁጥሩ ሲታወቅ ለሴቲቱ ምን እንደሚለወጥላት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ተቋማትና የረድኤት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2005 በጋራ ያወጡትና በ2015 የተሻሻለው መመሪያ፣ ቀውስ ባለበት ሁሉ ጥቃት አለ ተብሎ እንዲታሰብና አገልግሎት ለመጀመር ማስረጃ እስኪሰበሰብ እንዳይጠበቅ ያዛል። ኤችአይቪን ለመከላከል ከጥቃት በኋላ የሚወሰደው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያም ከ5 ቀን አያልፍም። ስለዚህ መድኃኒቱ በጤና ጣቢያው ይገኝ እንደሆነ፣ የተቀመጠበትን ክፍል ቁልፍ ማን እንደያዘ፣ ሌሊት የመጣችውን ማን እንደሚቀበላት፣ የፖሊስ ደብዳቤ ካላመጣሽ ተብላ ትመለስ እንደሆነ መርምሩ። እነዚህ ጥያቄዎች ለርዕስ አያምሩም፤ መልሳቸው ግን በማግስቱ ሥራ ላይ ሊውል ይችላል።

ቅን ሐሳብ ምርምርን እንደማይተካ በኬንያ የሚገኘው የዳዳብ የስደተኞች ጣቢያ ያስተምራል። የሶማሊያ ስደተኛ ሴቶች ማገዶ ለመልቀም ከጣቢያው ሲወጡ ይደፈሩ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ እንጨት ይታደላቸው ጀመር። ኋላ በተደረገው ግምገማ፣ እንጨት በሚታደልበት ወቅት በለቀማ ላይ የሚደርሰው መደፈር ቀንሶ፣ በሌላ ቦታና ሁኔታ የሚደርሰው ግን ጨምሮ ተገኘ። ገምጋሚዎቹ ጫካውን ብቻ ተመልክተው ቢሆን ኖሮ ሥራው ተሳክቷል ብለው ይጽፉ ነበር።

በአገራችን ደግሞ በጉራጌ አካባቢ በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ ወንዶችን፣ ሴቶችንና ባለትዳሮችን በየቡድኑ የሚያወያይ መርሐ ግብር በዕጣ በተመደቡ መንደሮች ተፈትኖ፣ ወንዶቹ በተወያዩባቸው መንደሮች ሴቶች ከባሎቻቸው የሚደርስባቸው ወሲባዊ ጥቃት ቀንሷል። መርሐ ግብሩ በኋላ በዶሎ አዶ ለሚገኙ የሶማሊያ ስደተኞች እንዲስማማ ተደርጎ ተዘጋጅቷል። ሴቶችን ስለ መብታቸው ማስተማር ብቻ ይበቃል ለሚሉ ሰዎች (እነሱም ጥቂት አይደሉም) ይህን ውጤት አሳዩአቸው።

ሴቶችን በቀጥታ መጠየቅ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ለዚህ ባወጣው የሥነ ምግባርና የደኅንነት ምክር፣ ለጥቃት የተጋለጡ ሰዎች የሚላኩበት መሠረታዊ አገልግሎት በአካባቢው ሳይኖር ጥያቄው እንዳይጀመር ተጽፏል። የሸራ ድንኳን ድምፅ አይሸሽግም፤ ስለዚህ ከመጠይቁ አስቀድማችሁ የምትነጋገሩበትን ቦታ ፈልጉ። ከአንድ ቤት ከአንዲት ሴት በላይ አትጠይቁ፤ ለጎረቤትም ጥናታችሁን ስለ ሴቶች ጤና እንደሆነ ብቻ ንገሩ። ሌላ ሰው አስቀድሞ ጠይቋት እንደሆነም አጣሩ። በኢራቅ በእስላማዊ መንግሥት (አይሲስ) ታጣቂዎች የተጠቁት የያዚዲ ማኅበረሰብ ሴቶች ታሪካቸውን ለጋዜጠኛ፣ ለመርማሪና ለተመራማሪ ደጋግመው እንዲናገሩ መደረጋቸው ያስከተለው ጉዳት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከጥቃቱ በተረፈችው የኖቤል የሰላም ተሸላሚ በናዲያ ሙራድ ስም የሥነ ምግባር ደንብ እስከ መውጣት አድርሷል። ተገቢውን መረጃ ከቀድሞ ቃለ መጠይቅ ወይም ከጤና ጣቢያ መዝገብ ማግኘት የሚቻል ከሆነ፣ አዲስ ቃለ መጠይቅ አያስፈልግም።

ስለ ዕድገት ከጠየቃችሁኝ፣ በዚህ ሙያ እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ ፈቃድ ይዘገያል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ጥሩ ጥናት በጸጥታ ችግር መሐል ላይ ይቋረጣል። የበለጠ የሚያሳስበኝ የመረጃ ሰብሳቢዎቻችሁ ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ ከዚያው ኅብረተሰብ የተመለመሉ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ የሰሙትን ይዘው ወደዚያው ጣቢያ ይገባሉ፤ እናንተ ወደ ከተማ ስትመለሱም እነሱ ጥቃት አድራሹ በሚኖርበት ሰፈር ይቀራሉ። ስለዚህ የዕረፍት ቀናቸውን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ክፍያቸውንና የመጓጓዣቸውን ወጪ ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ አስገቡ፤ ገንዘብ ሰጪው ቢሰርዘው የቃለ መጠይቁን ብዛት ቀንሳችሁ መልሳችሁ ጻፉት።