«መድኃኒት የገባበት ነው» ያሉኝ ኮምፔንሳቶ ለምን አበጠ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ሻይ ቤት አለኝ። ግንቦት ላይ የበረንዳዬን ግድግዳ ከኮምቦልቻ በመጣ ወፍራም ኮምፔንሳቶ አሠራሁ። ሻጩ «መድኃኒት የገባበት እንጨት ነው፣ ውሃ አይነካውም» ብሎኝ ነበር። ነሐሴ ላይ የታችኛው ጠርዝ አበጠ፤ ጥቅምት ላይ ደግሞ ንጣፉ ይላቀቅ ጀመር። ተታልዬ ይሆን? ቁርጥራጩንስ ምድጃ ውስጥ ልማግደው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንጨቱ በእርግጥ መድኃኒት የገባበት ሊሆን ይችላል። ያ መዳብ ያለበት አረንጓዴ ቢጤ መድኃኒት ግን የሚከላከለው ምስጥንና መበስበስን ነው። ውሃ መጠጣቱን አያስቀርም።

እንጨት በቁመቱ ብዙም አይለወጥም፤ በጎኑ ግን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ኮምፔንሳቶ ውስጥ ንጣፎቹ አንዱ በሌላው ላይ ተሻግረው ስለተጣበቁ አንዱ ልስፋ ሲል ሌላው ይይዘዋል፤ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው ኮላው ላይ ነው። የእርስዎ በጥቅምት ፀሐይ መላቀቁም ከዚሁ ነው፦ ፊቱ ቶሎ ደርቆ ሲኮማተር ሆዱ ገና እርጥብ ነበር።

ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። መድኃኒቱ በውሃ ተበጥብጦ በግፊት የሚገባ ከሆነ፣ ለሥራ ከመዋሉ በፊት እንደገና በደንብ መድረቅ ነበረበት። ደርቋል ወይ? ጠርዙንም አስተውለው ይዩት፤ የኮላው መስመር ጥቁር ቡናማ ከሆነ ውሃ የሚችል ዓይነት ነው፣ ነጣ ያለው ብዙውን ጊዜ ለቤት ውስጥ ዕቃ የታሰበ ነው።

አናጺውም ቸኩሎ ይሆናል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500። በኮምቦልቻ ሙቀት የደረቀ እንጨት የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ጉም ውስጥ ሲገባ ወዲያው መጠጣት ይጀምራል። እኔ ሁለት ሦስት ሳምንት ጥላ ውስጥ፣ በመሃል በመሃሉ ቀጭን እንጨት እያስገባሁ ሳላሰነብት አልመታውም።

አሁን በጋው ሳያልፍ የተላቀቀውን ያስቆርጡ። መጋዝ የነካው ጠርዝ ሁሉ መጀመሪያ መድኃኒት፣ ሲደርቅ ደግሞ የውጭ ቀለም ደጋግሞ ይቀባ፤ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ከወለሉ 10 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ በሉህና በሉህ መካከልም 3 ሚሊሜትር ክፍተት ይተዉ።

ምድጃ ውስጥ ግን በፍጹም! አንዳንዱ መድኃኒት አርሴኒክ አለበት፤ ጭሱም አመዱም መርዝ ነው። እስካሁን አንድደው ከሆነ በዚያ አመድ ድስት እንዳይፈገፍጉበት፣ ጓሮም እንዳይበትኑት።