ማሩ ነው ወይስ ሰዓቱ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ማር እየተረከብኩ እሸጣለሁ። ውሃ የገባበትን ለመለየት መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጫፍ ላይ ቁራጭ የግሉኮስ ቱቦ እሰካለሁ። ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር ማር ወርዶ እስኪያልቅ በስልኬ ሰዓት እይዛለሁ። ባለፈው አንድ ደንበኛዬ ሁለት ባልዲ አመጣ። የመጀመሪያውን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስለካው 28 ደቂቃ ፈጀ። ሁለተኛውን ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ብለካው 9 ደቂቃ! «ውሃ ጨምረህበታል» ብዬ ተጣላሁት። እሱ ይምላል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁለተኛውን ባልዲ ይለኩት። እኔ ለይቅርታው ይዘጋጁ ባይ ነኝ።

ዘዴዎ ግን ግሩም ነው። ፕዋዜይ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ደም በቀጫጭን ሥሮች እንዴት እንደሚያልፍ ለማወቅ ብሎ ውሃ በቀጭን የመስታወት ቱቦ እያሳለፈ ለክቷል፤ ውጤቱን ያወጣው በ1840ዎቹ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። መማሪያ መጽሐፍ ዝልግልግነት የሚለውን እርስዎ ውፍረት ይበሉት፣ ተግባብተናል። ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ፣ በእጥፍ የወፈረ ፈሳሽ በእጥፍ ጊዜ ይወርዳል።

ችግሩ «ሌላው ሁሉ» የሚለው ላይ ነው። ማር ሙቀት አይችልም። 10 ዲግሪ ብቻ ሲሞቅ ውፍረቱ ወደ ሲሶ ሊወርድ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር የተቀመጠ ባልዲ ምን እንደሚሆን ያውቁታል። የትኩሳት መለኪያ ለሰውነት ሙቀት ብቻ የተሠራ ስለሆነ አይረዳዎትም። ይልቅ የሚያምኑትን ማር በብርሌ ያስቀምጡ። አዲሱ ሲመጣ ሁለቱን አንድ ጥላ ውስጥ አሳድረው፣ ጠዋት በዚያው ቱቦ በተከታታይ ይለኩ። የሚያወዳድሩት ሁለቱን ጊዜ ነው እንጂ የትናንቱን ቁጥር አይደለም።

ቱቦውን ደግሞ አይቀያይሩ። ቀዳዳው በግማሽ ቢጠብ ጊዜው ሁለት እጥፍ ሳይሆን 16 እጥፍ ይሆናል። እኔ ላብራቶሪ ረዳት ሳለሁ የሰም ፍርፋሪ ቱቦ ውስጥ ተሰንቅሮብኝ ግማሽ ቀን ሙሉ ዘይቱን ስረግም ውያለሁ። ማርዎን በወንፊት ያጥሩት፣ የታጠበ ቱቦም ሳይደርቅ አይጠቀሙ።

አንድ ነገር ግን ይህ ቱቦ አይነግርዎትም። ወፍሮ የተፈላ ስኳር የገባበት ማር እንደ ደህናው ማር ቀስ ብሎ ሊወርድ ይችላል።